ቁጥሩ ሲቆም ዋጋው የት ይሄዳል? የብርና የዶላር ምንዛሪ ከ1937 ዓ.ም. እስከ ዛሬ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በባንኮችና በደንበኞቻቸው ድርድር እንደሚወሰን አስታወቀ። እስከ ዋዜማው 57 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያኑ ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመግዣ ዋጋው 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። ከዘጠኝ ቀናት በኋላ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው ልዩ ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ደረሰ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተካሄደው የ150 ሚሊዮን ዶላር ጨረታ ደግሞ 138 ብር ገደማ ላይ ቆመ። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ከ140 ብር አልፏል።

ይህን ጉዞ የተከታተለ ሰው ብር ከዚህ ቀደም እንዲህ ባለ ፍጥነት ወድቆ አያውቅም ቢል አይፈረድበትም፤ መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር እንዲያድግ ሲወስን፣ የዶላር ዋጋ በአንድ ሌሊት 2.4 እጥፍ ሆኗል። ከ57 ብር ተኩል እስከ 138 ብር የተደረገው የአንድ ዓመት ጉዞም ሲሰላ 2.4 እጥፍ ነው። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል 32 ዓመት ገደማ አለ፤ የመንግሥቱ ሥርዓት፣ የባንኮች ብዛትና የኢኮኖሚው መጠን ተለውጠዋል፤ የዝላዩ ልክ ግን አልተለወጠም። የቁጥሮቹ መመሳሰል በከፊል የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ቢችልም መንስኤው አንድ ይመስለኛል። የብርና የዶላር ታሪክ በአብዛኛው ዋጋውን ለረጅም ጊዜ ይዞ የማቆየትና በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የመልቀቅ ታሪክ ነው። ቁጥሩ ተይዞ በቆየበት ዘመን ሁሉ እውነተኛው ዋጋ ከባንክ መስኮት ወጥቶ ወደ ወረፋ፣ ወደ ፈቃድ፣ ወደ ኮንትሮባንድና ወደ ጥቁር ገበያ ይዛወር ነበር እንጂ እንቅስቃሴውን አላቆመም።

2 ብር ከ7 ሳንቲም ከየት መጣ?

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ብር ሲያወሩ የሚያነሡት ቁጥር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነው። ዶላር በዚያ ዋጋ ይመነዘር የነበረበትን ዘመን ብር ጠንካራ የነበረበት ዘመን አድርገው ያስታውሱታል። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም፤ ጥያቄው ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ጀምሮ ያለውን ታሪክ መከታተልን ይጠይቃል።

ከወረራው በፊት በገበያ ላይ የነበረው ዋነኛ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ዋጋውም ከያዘው ብር ማዕድን የዓለም ዋጋ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የጣሊያን ሊሬ፣ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። መንግሥት ይህን ሁኔታ ያበቃው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ዕለት ባወጣው አዲስ ገንዘብ ነው። የአዲሶቹ ኖቶች ፈራሚ የወቅቱ የመንግሥት ባንክ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። ሕዝቡ ወረቀትን በቀላሉ አያምንምና የ50 ሳንቲሙ ሳንቲም ከብር ማዕድን እንዲሠራ ተደረገ፤ ማዕድኑንም አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን የብድርና ኪራይ ፕሮግራሟ አማካይነት አቀረበች።

አዲሱ ገንዘብ፣ በውጭ ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል የነበረው፣ ዋጋው የተወሰነው በወርቅ ነው፤ አንዱ ብር 5.52 ግሬይን፣ ማለትም 0.358 ግራም ገደማ፣ ንጹሕ ወርቅ እንዲወክል ተደነገገ። አንድ ወቄት ወርቅ በ35 ዶላር ይሸጥ በነበረበት በዚያ ዘመን አንዱ የአሜሪካ ዶላር 0.889 ግራም ገደማ ወርቅ ስለነበር፣ አካፍሎ ለሚያሰላ ሰው ዶላሩ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይመጣለታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ራሱን ችሎ ሥራ በጀመረበት በ1956 ዓ.ም. የወርቁ መጠን በጥቂቱ ተቀንሶ ዋጋው 2 ብር ከ50 ሆነ። ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በ26 ዓመት ውስጥ የተደረገው ለውጥ ይኸው የ2 ሳንቲም ማስተካከያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከአዲስ አበባ ይልቅ ዋሽንግተንን ይመለከታል። የቬትናም ጦርነት ወጪና የክፍያ ሚዛን ጉድለት የተጫናቸው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. ዶላር በወርቅ መለወጡ እንዲቆም አዘዙ። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. አሜሪካ የወርቅን ዋጋ ወደ 38 ዶላር፣ በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 42 ዶላር ከ22 ሳንቲም አሳደገች፤ ይህም ማለት ዶላር በወርቅ ሲለካ ሁለት ጊዜ ረከሰ። ኢትዮጵያ የራሷን ገንዘብ የወርቅ መጠን ባለበት ስላቆየችው ምንዛሪው ሳይነኩት ተለወጠ፤ 2.50 የነበረው መጀመሪያ 2.30፣ ቀጥሎም 2.07 ሆነ። ዝነኛው ቁጥር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ብር በነዚያ ሁለት ዓመታት በዶላር ሲለካ 20 በመቶ ያህል ተጠናከረ፤ የተጠናከረው ግን ኢትዮጵያ ብዙ አምርታ ወይም ብዙ ሸጣ ሳይሆን የመለኪያው ባለቤት መለኪያዋን ስላሳጠረች ነው።

ይህን መርሳት ለፖሊሲ ክርክራችን ጉዳት አለው። አንድ ቁጥር ከመነሻው የኢኮኖሚ ጥንካሬ ውጤት ካልነበረ፣ ወደዚያ ቁጥር መመለስ ወይም እሱን መጠበቅ ጥንካሬን ያመጣል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ደርግ ግን ያሰበው እንደዚያ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ዋጋ

በ1965 ዓ.ም. ታላላቆቹ የዓለም ገንዘቦች በገበያ መዋዠቅ ሲጀምሩ ኢትዮጵያ ብርን ከወርቅ አላቃ በ2.07 ከዶላር ጋር አሰረችው። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. የገንዘብ ኖቶቹ ተለወጡ፣ በውጭ ቋንቋም ዶላር መባሉ ቀርቶ ብር ተባለ፤ ምንዛሪው ግን አልተነካም። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የከፋ አይመስልም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ማብቂያ ብራዚልን የመታው ውርጭ የቡና ዋጋን በዓለም ገበያ ሰማይ ስላደረሰው፣ ከወጪ ንግዷ ከግማሽ በላይ ቡና የነበረው ኢትዮጵያ ለጥቂት ዓመታት ተነፈሰች።

ችግሩ የተገለጠው ቆይቶ ነው። ከ1972 እስከ 1977 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዶላር በአውሮፓ ገንዘቦች ላይ በኃይል ሲጠናከር ብርም ከእሱ ጋር ታስሮ አብሮ ወጣ፤ በድርቅና በጦርነት የተመታች አገር ገንዘብ ሳያተርፍ ውድ ሆነ። ገበሬው ከቡናው የሚያገኘው በ2.07 ሒሳብ ተሰልቶ፣ ግብሩና የመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ድርሻ ተቀንሶበት ነበርና ቡናና ጫት ድንበር አቋርጠው መሄዳቸው አያስደንቅም። ድንበር አቋርጦ የሄደ ቡና በኦፊሴላዊው መዝገብ ያልተመረተ ያህል ነው፤ ለብሔራዊ ባንክ ዶላር አያስገባም። ዶላር ሲያንስ የገቢ ንግድ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ፈቃዱ ሲጠብቅ ደግሞ ፈቃድ ያገኘ ሰው ጥቅም ይጨምራል። በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈርሶ የቡና ዋጋ ሲያሽቆለቁል ኦፊሴላዊው ምንዛሪ ከሕይወት ጋር የነበረው ግንኙነት ከሞላ ጎደል ተቋረጠ። በሥርዓቱ ማብቂያ አካባቢ በጥቁር ገበያ ዶላር ከመንግሥት ዋጋ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር።

በዚህ ሥርዓት የተጠቀመ አልነበረም ማለት አይቻልም። መንግሥት ለጦር መሣሪያና ለነዳጅ ዶላርን በርካሽ ያገኝ ነበር፣ የውጭ ዕዳውም በብር ሲቆጠር ትንሽ ይመስል ነበር። የዋጋውን ልዩነት የከፈለው በዋነኛነት ቡና አብቃዩ ገበሬ ነው፤ በግብር ደረሰኝ ላይ ስላልሰፈረ ግን ማንም እንደ ግብር አልቆጠረውም።

ከ1985 ዓ.ም. ውሳኔ ቀጥሎ የተፈራው ነገር አለመድረሱ ትምህርት ሰጪ ነው። ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲወደድ የሁሉም ዕቃ ዋጋ በዚያው ልክ ይወጣል ተብሎ ተሠግቶ ነበር፤ ሆኖም የዋጋ ንረቱ ከተሠጋው እጅግ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ነጋዴው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ዕቃ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ዋጋ የተተመነ ስለነበር የመንግሥት ዋጋ ወደ እውነታው ሲጠጋ በገዢው ላይ የጨመረው ነገር ጥቂት ነበር። በአብዛኛው የተለወጠው ትርፉን የሚወስደው ሰው ማንነት ነው።

ከሚያዝያ 23 ቀን 1985 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ዶላርን በጨረታ ይሸጥ ጀመር። ለሁለት ዓመት ያህል እንደ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ላሉ ሸቀጦች የሚያገለግል ኦፊሴላዊ ዋጋና ለሌላው ደግሞ የጨረታ ዋጋ አብረው ኖሩ፤ በሐምሌ 1987 ዓ.ም. ከ6 ብር በላይ በሆነ ዋጋ ተዋሐዱ። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ጨረታው ቀርቶ ባንኮች እርስ በእርስ በየቀኑ የሚገበያዩበት ሥርዓት ሲጀመር ዶላር 8 ብር ተኩል አካባቢ ነበር። እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት በዚህ ታሪክ ውስጥ ምንዛሪው ከሞላ ጎደል የገበያውን ስሜት ያንጸባረቀባቸው ዓመታት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የማይወሱትም ምንም አስደንጋጭ ነገር ስላልተፈጠረባቸው ይሆናል።

ቀስ እያለ የተመለሰው ልማድ

በስሙ የባንኮች ገበያ ይባል የነበረው ሥርዓት ብዙም ሳይቆይ በብሔራዊ ባንክ የሚመራ ሆነ። ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ዶላር ከ8 ብር ተኩል ወደ 8 ብር ከ70 ሳንቲም አካባቢ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ በደረሰበት ወቅት እንኳ ዶላር ገና ከ10 ብር በታች ነበር።

እዚህ ላይ የምንዛሪ ዋጋና የዋጋ ንረት እንዴት እንደሚያያዙ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። አንድ ሰሊጥ ላኪ በዚህ ዓመት አንድ ዶላር የሚያወጣ ሰሊጥ ለማዘጋጀት 9 ብር ያወጣል እንበል። በሚቀጥለው ዓመት የቀን ሠራተኛው፣ የጆንያው፣ የጭነቱና የሰሊጡ ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር ወጪው 11 ብር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። በውጭ ገበያ ግን ሰሊጡ አሁንም የሚሸጠው በአንድ ዶላር ነው፤ ባንኩም የሚመነዝርለት በዐምናው ዋጋ ነው። ብር በቁጥር አልተንቀሳቀሰም፣ በተግባር ግን ተወደደ፤ ላኪው ከገበያ እየወጣ ነው። በተቃራኒው ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ከአገር ውስጡ አንጻር ሲታይ እየረከሰ ይሄዳል፣ ፈላጊው ይበዛል። ያንኑ ቁጥር ይዞ መቆየት ዋጋን ማረጋጋት የሚመስለው ይህ ውስጣዊ ለውጥ በሰሌዳ ላይ ስለማይጻፍ ነው።

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ዶላር ከ13 ብር ከ63 ሳንቲም ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ተሸጋገረ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 27 ብር የተጠጋ ዋጋ ወጣ። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው 16.7 በመቶ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ ተብለው ሲነገሩ ብዙ ሰው በአንድ መለኪያ የተለኩ አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ አይደሉም። የ2002ቱ አኃዝ ብር በዶላር ሲለካ ያጣውን ሲያሳይ፣ የ2010ሩ ዶላር በብር ሲለካ የጨመረውን ያሳያል። በአንድ መለኪያ፣ ማለትም በዶላር ዋጋ ጭማሪ፣ ቢሰሉ የ2002ቱ 20 በመቶ፣ የ2010ሩ 15 በመቶ ነው። የሐምሌ 2016ቱን የመጀመሪያ ቀን ለውጥም አንዱ 30 በመቶ ሲለው ሌላው 23 በመቶ ቢለው ሁለቱም ልክ ናቸው። አንባቢ መቶኛ ሲጠቀስለት ከምን ተነሥቶ እንደተሰላ መጠየቅ አለበት፤ ጋዜጠኛውም መጻፍ ይኖርበታል።

ከ2002 በኋላ ያለው ዘመን የግድቦች፣ የባቡር መሥመሮችና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዘመን ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ዶላር የመጣው ከወጪ ንግድ ሳይሆን በአብዛኛው ከብድር ነበር። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጠች። ሸቀጥ ወደ ውጭ ልኮ የሚገኘው ገቢ ግን በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ላይ ለዓመታት ቆሞ ነበር፣ የገቢ ንግዱ ወጪ ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ዶላር በፈለገው መጠን የማይገኝበት፣ ዋጋው ግን እንዲወጣ የማይፈቀድለት ገበያ ዶላሩን የሚያከፋፍለው በወረፋ ነው። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ለወራት የሚጠብቁ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ አልቆባቸው ማሽን ያቆሙ ነበር። ወረፋ ዋጋ አለው፤ ጊዜ፣ የተቋረጠ ምርት፣ አንዳንዴም ከመስኮቱ በታች የሚሰጥ ገንዘብ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ዶላሩ በሰሌዳው ዋጋ አልተገዛም ማለት ነው።

በዚህ ዘመን የተፈጠረ አንድ አሠራር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ነገሩን ያጋልጣል። አስመጪዎች የዶላር ወረፋ ሲያስመርራቸው ራሳቸው ላኪ ሆኑ። ሰሊጥ፣ ቡና ወይም ቦሎቄ ከዓለም ዋጋ በላይ በአገር ውስጥ ይገዛሉ፣ በኪሳራ ወደ ውጭ ይሸጣሉ፣ ያገኙትን ዶላር ግን ለመኪና መለዋወጫ ወይም ለብረት ማስመጫ ያውሉታል። ለምሳሌ ያህል ኦፊሴላዊው ዋጋ 57፣ የጥቁር ገበያው 100 ብር በሆነበት ወቅት አንድ ዶላር የሚያወጣ ሰሊጥ 75 ብር የገዛ ነጋዴ በወረቀት ላይ 18 ብር ከስሯል። ያስመጣው ዕቃ ግን በአገር ውስጥ የሚሸጠው ዶላር 100 ብር እንደገባ ተቆጥሮ ነው፤ 25 ብር ያተርፋል። የሰሊጡ ኪሳራ እንግዲህ ኪሳራ ሳይሆን ለዶላሩ የተከፈለ ተጨማሪ ዋጋ ነው። በመካከሉ ሰሊጥን ብቻ የሚልከው እውነተኛ ላኪ መወዳደር አቅቶት ከሥራው ይወጣል። በመንግሥት በኩል ይህን የነጋዴ ሥነ ምግባር ጉድለት አድርጎ ማውገዝ ተለምዶ ነበር፤ የሂሳብ ስሌቱ ግን የቀረበው በራሱ በምንዛሪ ፖሊሲው ነው።

ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ጫናው በረታ። የሰሜኑ ጦርነት፣ የዕርዳታና የብድር መቀነስ፣ የነዳጅና የማዳበሪያ የዓለም ዋጋ መናር ተደራረቡ። ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ አለፈ። ዶላር ግን ከ2014 ማብቂያ እስከ 2016 ማብቂያ ባሉት ሁለት ዓመታት ከ52 ብር ወደ 57 ብር ተኩል አካባቢ ብቻ ነው የወጣው፤ 10 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ላኪዎችና ሐዋላ ተቀባይ ባንኮች ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ ተገደዱ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ 38 ዓይነት ሸቀጦች በኤልሲ እንዳይገቡ ታገዱ። ዋጋ ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ መመሪያ እንዲሠራው ተፈለገ።

በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በዚህ ውስጥ የነበረው ድርሻ ቀላል አልነበረም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አንዲት እኅት ለእናቷ 200 ዶላር በባንክ ስትልክ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ የሚደርሳቸው 11,500 ብር ነበር። በመንደር መንዛሪ፣ ዶላሩ በ100 ብር ሒሳብ እንኳ ቢሰላ፣ 20,000 ብር ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ ነው። በዋሽንግተን ያለው ታክሲ ነጂም የሚገጥመው ይኸው ምርጫ ነው። ባንክ ተጠቀሙ፣ አገራችሁን አግዙ የሚለው ጥሪ ለዓመታት ተደጋግሞ ተሰምቷል፤ ጥሪው ከላኪው የሚጠይቀው ከሚልከው ገንዘብ 40 በመቶ ያህሉን ለእናቱ ሳይሆን በርካሽ ዶላር ለሚያገኘው አስመጪ ወይም ተቋም እንዲሰጥ መሆኑ ግን አይነገርም ነበር። በሰዎቹ ላይ የአገር ፍቅር ጉድለት ማየት ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የሸጠችውን ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የመክፈል አቅም ጨርሶ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ማብራሪያ ተሰጥቶ ነበር፤ ያም ሆነ ይህ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ሳይስማሙ መቀጠል እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። ድርጅቱ የምንዛሪ ማሻሻያው በተነገረበት በሐምሌ 22 የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ፤ የዓለም ባንክም በማግሥቱ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ።

ከልቀቱ በኋላ

ማሻሻያው ዋጋውን ከመልቀቅ በላይ ሌሎች ነገሮችን ይዟል። ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታው ቀርቷል፣ ላኪዎች ካገኙት ግማሹን ለራሳቸው እንዲያቆዩ ተፈቅዷል፣ የ38ቱ ሸቀጦች እገዳ ተነሥቷል፣ ከባንክ ውጭ የሆኑ የምንዛሪ ቢሮዎች ተፈቅደዋል። ከወጪ ንግድ የተገኘው ገቢ በ2016 በጀት ዓመት ከነበረበት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2017 ከ8 ቢሊዮን በላይ ደርሷል። ይህን ዕድገት ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ቡና ብቻውን ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ቢሆንም ትልቁን ጭማሪ ያመጣው ወርቅ ነው፤ የወርቅ የዓለም ዋጋ በዚያው ዓመት ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰብሯል፣ ቡናም እንዲሁ ተወድዷል። ከዚህ በተጨማሪ ወርቁ ከመሬት የወጣው ሁሉ በዚያ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞም ይወጣ ነበር፣ ነገር ግን በድንበር በኩል ይሄድ ነበር። ዋጋው ሲስተካከልለት ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። ስለዚህ የጭማሪው አንድ ክፍል አዲስ ምርት ሳይሆን የተደበቀ ምርት መገለጥ ነው። ለመዝገቡ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ለቀጣዩ ዓመት ዕድገት ግን አይደሉም፤ ከኮንትሮባንድ የተመለሰ ወርቅ የሚመለሰው አንድ ጊዜ ነው።

ወጪውም በዚያው ልክ እውነተኛ ነው። የአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ በማሻሻያው ዋዜማ በብር ሲቆጠር 57.5 ቢሊዮን ነበር፤ በ138 ብር ሒሳብ 138 ቢሊዮን ሆኗል፣ ዋናው የዶላር ዕዳ ግን በአንድ ሳንቲም አልጨመረም። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በኦፊሴላዊው ዋጋ ይገቡ የነበሩ ናቸው፤ በሌላው ሸቀጥ ላይ የጥቁር ገበያው ዋጋ ቀድሞ ስለነበረ ብዙ አልተሰማም ማለት ቢቻልም በእነዚህ ላይ አይቻልም። በደመወዝ የሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛና አውቶቡስ ተሳፋሪው የለውጡን ዋጋ የሚከፍሉት በእነዚህ በኩል ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ማንሣትን የመረጠው፣ የሠራተኞችን ደመወዝም ያሻሻለው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ጥያቄው ዋጋው በእርግጥ ተለቋል ወይ የሚለው ነው። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ጠብቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ተመልሶ ታየ። ሁለት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛው ገበያው ጥቂት እጆች ላይ ያረፈ መሆኑ ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከባንኩ ዘርፍ ግማሽ የሚጠጋውን ተቀማጭ የያዘ የመንግሥት ባንክ ሲሆን፣ እሱ የለጠፈውን ዋጋ ሌሎቹ በጥቂት ሳንቲም እየራቁ ይከተሉታል። በወርቅ ግዢ ክምችቱን ያሳደገው ብሔራዊ ባንክም በየጊዜው በሚያወጣው ጨረታ ትልቁ ሻጭ ነው፤ የትልቁ ሻጭ ፍላጎት ደግሞ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከባንክ ዶላር ለመግዛት አሁንም የሚጠየቀው ሰነድ፣ በዓይነቱ የተገደበው የጉዞና የሕክምና ምንዛሪ፣ ባንኮች በዶላር ሽያጭ ላይ ያስከፍሉት የነበረው ከፍተኛ ኮሚሽን ነው። በሰሌዳው ላይ 140 የተባለ ዶላር ኮሚሽኑ ሲታከልበት ሌላ ዋጋ ይሆናል፤ ብሔራዊ ባንክ በዚህ ኮሚሽን ላይ ጣልቃ ለመግባት የተገደደውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዶላር በሚቀጥለው ዓመት ስንት ብር ይሆናል የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ቦታ የተሰጠው ይመስለኛል። በ2017 ዓ.ም. እንደነበረው የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ፣ የአሜሪካው ደግሞ 3 በመቶ አካባቢ በሚሆንበት ሁኔታ ብር በየዓመቱ በልዩነቱ ልክ ቢረክስ ውድቀት ሳይሆን ባለበት መቆም ነው። ሊታይ የሚገባው በባንኩና በመንደር መንዛሪው መካከል ያለው ርቀት፣ የኤልሲ ወረፋው የሚፈጀው ጊዜ፣ ሰሊጥና ቦሎቄ በኪሳራ የሚልክ አስመጪ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ነው። የዋጋ ንረቱ ሲያገረሽ ወይም ምርጫ ሲቃረብ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ለወራት ከተመሳሳይ ሳንቲም ንቅንቅ ማለት ካቆመ፣ ከ1994 በኋላ የሆነው እንደገና መጀመሩን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት በብሔራዊ ቴያትር አካባቢ የቆሙት መንዛሪዎች ናቸው።